የሰኞ ጠዋት ፊት

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቿ ፊት ገና አልታጠበም ነበር። ከግንባር እስከ አገጭ የተቀባው ነጭ አፈር ደርቋል፤ ዐይኖቿ ላይ ሁለት ክብ ጥጥ ተቀምጧል፤ እጆቿ አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል። ለማያውቅ ሰው ማስክ ተቀብታ እንቅልፍ ያሸለባት ሴት ትመስላለች። የሚያውቁት ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

ቤቱ የፊት ቆዳ እንክብካቤ የሚሰጥበት ቤት ነው። በተለይ የሚታወቀው አፍንጫና ጉንጭ ላይ የሰፉ ቀዳዳዎችን አጽድቶ እንዳይታዩ በማድረግ ነው። የቤቱን ባለቤት፣ ሟቿን፣ ሠራተኛውም ደንበኛውም «እታለም» ነበር የሚላት። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎቿ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንዱ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ፊቷ የብርቱካን ልጣጭ በሚመስልበት ጊዜ የተነሳችው ነው፤ ሌላው የዘንድሮ ሲሆን ዝንብ ቢያርፍበት ያንሸራትታል።

መርማሪዋ ሁለተኛው ፎቶ ፊት ቆየት አለች። ምን ይደበቃል፣ ቀናች። የእሷ አፍንጫ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከሩቅ ይቆጠራሉ። ወንድሟ በልጅነቷ «ወንፊት» ብሎ ያወጣላት ስም ሃምሳ ዓመት ሞልቷት፣ ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ለፍርድ አቅርባ እንኳ መሥሪያ ቤቷ ድረስ ተከትሏት መጥቷል። ፊት ለፊት የሚጠራት ግን የለም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ። «የገደለቻት ታናሽ እህቷ ናት።»

«እንዴት አወቅህ?»

«በመጀመሪያ ትቀናባታለች፤ ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ተጣልተዋል። ባለሙያዋ ማስኩን ቀብታ ከወጣች በኋላ እዚህ ክፍል የገባችውም እሷ ብቻ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያ እወስዳታለሁ፤ ነገ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይሄኛው ደግሞ ወረቀቱንም ይዞታል። መርማሪዋ ይህን በሆዷ ያዘችው።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ልጅቷን አትንካት» አለችው።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያየውን ነገራት። የሟቿ ከንፈር ከውስጥ በኩል የራሷ ጥርስ ምልክት አለበት፤ የዐይኖቿ ሽፋን ሲገለጥ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ይታያሉ። አንድ ለስላሳ ነገር፣ ምናልባት የታጠፈ ፎጣ፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ተይዞ ትንፋሿ ተቋርጧል። ጊዜው ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበብ አይችልም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ማስኩን አየችው። የብሩሹ መስመሮች ሁሉም ከአገጭ ወደ ላይ የሚሄዱ ናቸው። በዐይንና በከንፈር ዙሪያ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ተትቷል፤ አፍንጫው ላይ ወፈር፣ ጉንጩ ላይ ሳሳ ተደርጓል። ከዳር እስከ ዳር አንድ እንከን የለውም። በስልኳ ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳችውና «አሁን እጠበው» አለችው ሐኪሙን።

አፈሩ ሲታጠብ በግራ የአፍንጫ ክንፍ ላይ እንደ ጨረቃ ክፋይ የጎበጠች ትንሽ ቁስል ታየች። ቅርፊት ይዛለች።

«የዛሬ ናት?»

«የለም፤ የትናንት ናት።»

*

መጀመሪያ ያነጋገረችው ባልየውን ነው። መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ቤቱ የሚጠቀምበትን ነጭ አፈርና ቅባት ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ዐይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«ሰኞ ጠዋት ደንበኛ አንቀበልም» አላት። «ሰኞ የእሷ ቀን ነው። ላባ ፊቷን ትሠራላታለች።»

«ላባ ማን ናት?»

«ዋናዋ ባለሙያ ናታ። እጇ ፊት ላይ ሲያርፍ አይሰማም ብለው ደንበኞች ያወጡላት ስም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የእታለምን ፊት ከእሷ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። እኔም ብሆን።»

«እርስዎም?»

«እጅ ቅባት አለው፣ ጢምም ቆዳ ይጎዳል ትላለች። የሚስቴን ጉንጭ የሳምኩበትን ቀን ረስቼዋለሁ።» አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። «ባል በገዛ ሚስቱ ፊት ሲቀና ሰምተው ያውቃሉ? እኔ ቀንቻለሁ። ይጻፉት፤ አልክድም።»

መርማሪዋ አልጻፈችውም። ጠዋት ያየውን እንዲነግራት ጠየቀችው። ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቱና ላባ ክፍሉን ዘግተው ገቡ። ሦስት ተኩል ላይ ከውጭ ሲመለስ ላባ ከክፍሉ ወጥታ «ማስክ ላይ ናት» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ ስትሰቅል አገኛት። ካርዱ ከተሰቀለ የቤቱ ጌታም ቢሆን አይገባም፤ ማስክ የተቀባ ሰው መናገርም መሳቅም የለበትምና። ከዚያ እስከ አራት ሰዓት እሱና ላባ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሻይ ሲጠጡ ቆዩ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ ታናሿ ካርዱን አልፋ ገባች፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታ ዐይኗን እየጠረገች ወጣች። አራት ሰዓት ላይ ላባ ማስኩን ልታጥብ ገባችና ጮኸች።

«ጠዋት ተጣልተዋል የተባለውስ?»

«ታናሿ ‹እኔ አልችልም፣ ተይኝ› እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ። ነገሩ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ይሄ አፈርዎ ጥሩ ነው?»

በሐዘኑ መካከል እንኳ ቀና አለ። «የእኔ አፈር በራሱ አይሰነጠቅም። ሌሎች ውሃ ብቻ ነው የሚያደርጉበት፤ እኔ ማርና ዘይት ጠብ አደርጋለሁ። ሳህን ላይ ይቀቡት፤ ሳምንት ይቀመጣል።»

«እንግዲያው አንድ ሳህን ላይ ይቀቡልኝ» አለችው መርማሪዋ። ግራ ቢገባውም ቀባላትና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

*

ታናሿ ፎጣ በሚታጠፍባት ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የእህቷን ዐይንና የእህቷን አፍ ይዛለች፤ ቆዳዋ ግን በግድግዳው የመጀመሪያ ፎቶ ላይ ያለው ነው።

«ትቀኚባት ነበር?» አለቻት መርማሪዋ በቀጥታ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ሥራ ሰጠችኝ። ስለዚህ መቅናት እንኳ በድብቅ ነበር የምቀናው።» ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች። «ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን። ከዚያ ‹የእናት ልጅ ናችሁ?› ይላል። አንዲት ሴትዮ ‹ለእህትሽ ያደረጉላትን ለአንቺ ለምን አያደርጉልሽም?› አለችኝ። ላባን ጠይቄያት ነበር። ‹የእሷ ብቻ ይበቃኛል› አለችኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ስለ ምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ሥራ ነው። ራሷ እስክትናገር ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

«ካርዱን አልፈሽ ለምን ገባሽ?»

«ማስክ ላይ ስትሆን መናገር አትችልም። ሳታቋርጠኝ የምትሰማኝ ያኔ ብቻ ነው ብዬ ነው። ጠዋት ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ሌላውንም ነገርኳት፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደቀናሁባት፣ እንደምወዳትም። ስጨርስ እጇን ያዝኩ። ሞቅ ያለ ነበር። ግን አልጨበጠችኝም። ተቀይማኛለች ብዬ ወጣሁ። አሁን አሥር ዓመት ቢፈርዱብኝም፣ ሃያ ቢፈርዱብኝም፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ነው።»

መርማሪዋ የልጅቷን እጅ አንስታ አየችው። የአውራ ጣቷ ጥፍር ረዘም ያለ ነው። ምንም ሳትል መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

*

ላባ አርባ ዓመት የሚጠጋት ቀጭን ሴት ናት። ሌላው ሲያለቅስ እሷ ብሩሾቿን ታጥባለች። ጠዋት የሆነውን ስትናገር በአንዲት ቃል እንኳ አልተደናቀፈችም። ፊቷን አጥባታለች፣ አሥር ደቂቃ እንፋሎት አሳይታታለች፣ አጉሊ መስታወት ባለው መብራት ፊቷን አይታ አፍንጫዋን አጽድታለች፣ ሦስት ተኩል ሲሆን ማስኩን ቀብታ ወጥታለች።

«ስትወጪ በሕይወት ነበረች?»

«ስቃ ነው የሸኘችኝ።»

«ፊቷ ላይ አዲስ ነገር አላየሽም?»

«ምንም። እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ።» ካለች በኋላ የመርማሪዋን አፍንጫ አተኩራ አየችው። «የእርስዎ ግን ብዙ ዘመን ተረስቷል።»

«ምን ታደርጊዋለሽ፤ የእኔ ከእንግዲህ አይዘጋም።»

«በር መሰለዎት?» አለች ላባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «ቀዳዳ አይከፈትም፣ አይዘጋም። እንፋሎት ይከፍተዋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋዋል የሚሉት ተረት ነው። ቅባትና እድፍ ሲሞላበት ይለጠጣል፤ ሲጸዳ ያንሳል። ፀሐይም ቆዳውን ያላላዋል። ጨርሶ አጠፋልሻለሁ የሚል ሁሉ ይዋሻል። እንዳይታይ ማድረግ ግን ይቻላል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእታለም አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።»

«እስቲ አሳዪኝ» አለችና መርማሪዋ ኮቷን አውልቃ ከጎን ባለው ክፍል ያለ አልጋ ላይ ጋደም አለች።

ነፍስ የጠፋበት ቀን ነው፤ ሆኖም ላባ ላፍታ ብቻ አመነታች። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲያይ ዝም አይልም። ጣቶቿ እውነትም አይሰሙም። እንፋሎቱ ሞቅ አለ፤ መብራቱ በራ፤ ከመስታወቱ በላይ ያሉት ዐይኖች እያንዳንዷን ቀዳዳ እያነበቡ አለፉ። «እዚህ ጋ በልጅነትዎ ፈንጣጣ ነገር ነክቶዎት ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው፣ መርማሪዋ ራሷ ረስታው ነበር። ከዚያ ብሩሹ ከአገጭ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር፤ አፈሩ ቀዘቀዛት።

«ሃያ አምስት ደቂቃ። እንዳይናገሩ» አለችና ካርዱን ሰቅላ ወጣች።

መርማሪዋ ግትር ሰው ናት። እንደ ግንድ ተጋድማ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ላባ ሳህን ውሃና ፎጣ ይዛ ስትመለስ መስታወት እንድትሰጣት በእጇ ጠየቀቻት። በአፍንጫዋ ክንፎች ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቆች ነበሩ፤ በአፏ ግራና ቀኝም እንዲሁ፤ በቅንድቦቿ መካከል ደግሞ ሁለት።

«ተንቀሳቀስኩ እንዴ?» አለች ቅር እንዳላት ሰው።

ላባ ሳቀች። «አይዘኑ፣ ለማንም አይቀርም። ይተነፍሳሉ፣ ምራቅ ይውጣሉ። የተኛ ሰው እንኳ ይሰነጠቅበታል። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ሳይሰነጠቅ ያጠብኩት ማስክ...»

ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀረ። እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ፎጣውን ጨመቀች፣ አጠፈች፣ ወደ መርማሪዋ ፊት ይዛው መጣች። መርማሪዋ ከመጋደሟ ሳትነሳ የሴትዮዋን የእጅ አንጓ ያዘች።

«ተዪው» አለቻት። «እንዳለ ይቆይ።»

*

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪዋ ፊቷን ነጭ አፈር እንደተቀባች መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችውን ሳህን ይዛ ስትገባ የጣቢያው ኃላፊ አፈረላት። ባልየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ታናሿ በሁለት ፖሊሶች መካከል፤ ላባ በመስኮቱ በኩል ቆማለች።

«ሳቅ የመጣበት ይሳቅ» አለች መርማሪዋ። ስትናገር ከጉንጯ ላይ አፈር ተፈረፈረ። «መጀመሪያ ይህን ሳህን እዩት። ጠዋት የተቀባ ነው። ደርቋል፤ አልተሰነጠቀም። ልክ ነኝ?»

«የእኔ አፈር በራሱ አይሰነጠቅም» አለ ባልየው።

«አሁን እኔን እዩኝ። ከመናገሬ በፊት ሃያ አምስት ደቂቃ ሳልነቃነቅ ተኝቼ ይሄን ሁሉ ስንጥቅ አመጣሁ። ምክንያቱን የነገረችኝ ላባ ናት፤ የሚተነፍስ ሰው ፊት ላይ ያለ ማስክ የግድ ይሰነጠቃል። የተኛም ቢሆን።» ስልኳን አውጥታ ለኃላፊው ሰጠችው። «ይሄ የእታለም ነው። አንድ ስንጥቅ ፈልግልኝ።»

ኃላፊው ምስሉን አጎላው፣ አዟዟረው። «የለም» አለ።

«ማስኩ ከተቀባ በኋላ አንዴም አልተነፈሰችም ማለት ነው። የተቀባው አስከሬን ላይ ነው።»

ኃላፊው ግን የያዘውን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። «ልጅቷ ሩብ ጉዳይ ላይ ገብታ አፍናት ቢሆንስ?»

«ያኔ ማስኩ ከተቀባ ሩብ ሰዓት ብቻ ሆኖታል፤ ከላይ እንጂ ከታች አልደረቀም። ፎጣ ቢጫንበት ተነሥቶ ይመጣ ነበር። ሰው ትንፋሹን ሲያጣ ደግሞ ፊቱን እንዴት እንደሚያወራጭ አንተ ታውቃለህ። ይሄ ግን አንድ የብሩሽ መስመር አልተበላሸበትም። ሟቿ ሦስት ተኩል ላይ ካርዱ ሲሰቀል ሞታ ነበር። ከሦስት እስከ ሦስት ተኩል ከእሷ ጋር የነበረችው ማን ናት? ማስኩን እኔ ቀባሁት ያለችኝስ?»

ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ስቃ ነው የሸኘችኝ ብያለሁ» አለች ላባ። ድምፁ ግን የእሷ አይመስልም።

«እርጥብ ማስክ ተቀብቶ የሳቀ ፊት፣ ምልክቱ የት አለ?» አለች መርማሪዋ። «ደግሞ ‹ፊቷ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነበር› አልሽኝ። የእኔን የአርባ ዓመት ጠባሳ ያነበበች ዐይን፣ እታለም አፍንጫ ላይ ያለውን የትናንት ቁስል ሳታየው አልቀረችም። ለምን ደበቅሽው?» ወደ ታናሿ ዞረች። «አንቺ ልጅ፣ ያስማለችሽ እሷ አሁን የለችም። ቁስሉ የማን ጥፍር ነው?»

«የእኔ» አለች ታናሿ እያለቀሰች። «ሙያውን ልታስተምረኝ ፈልጋ ትናንት የራሷን ፊት ሰጠችኝ። ጥፍሬ ነካት። ደንግጬ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ‹ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ፊቴን የምትሠሪው አንቺ ነሽ፤ ለላባ ዛሬ እነግራታለሁ› ስትለኝ ነው አልችልም ያልኳት።»

ላባ ከመስኮቱ ርቃ ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች ፊት ቆመች። ማንም አልከለከላትም።

«አንድ ሺህ ቀዳዳ ነበረው» አለች። «አንድ በአንድ። ደንበኛ ሲገባ ‹እታለም ስታምር› ይላል፤ ‹ላባ ስትሠራ› ያለ የለም። እሱን ችዬዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ፊቷ የእኔ ነበር፤ ያ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ መብራቱን ሳበራ የሰው ጥፍር አየሁበት። ‹ማነው?› አልኳት። ነገረችኝ። ዐይኗን ጨፍና፣ ደስ ብሏት ነገረችኝ። ‹ታስተምሪልኛለሽ› አለችኝ። ፎጣው እጄ ላይ ነበር።»

«ማስኩንስ ለምን ቀባሽው?» አለ ኃላፊው። «ጊዜ ለመግዛት ነው አይደል?»

ላባ እንደ ሞኝ አየችው። «ፊቷ ተበላሽቶ ነበር» አለች። «ጀምሬ ሳልጨርሰው የወጣሁበት ሰኞ የለም።»

ወሰዷት። ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተከተላቸው። ክፍሉ ውስጥ ታናሿና መርማሪዋ ብቻ ቀሩ። መርማሪዋ በፎጣ ጫፍ ፊቷን እየጠረገች አጠገቧ ተቀመጠች። ለአንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ነገር ለሰው መንገር መቻሏን አስባ ልቧ ቀለል ብሏት ነበር።

«ነጻ ነሽ፣ የእኔ ልጅ» አለቻት። «ሌላም ነገር አለ። ሩብ ጉዳይ ላይ ስትገቢ እህትሽ ሞታ ነበር። እጅሽን ያልጨበጠችው ተቀይማሽ አይደለም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት።

«እንግዲያው አልሰማችኝም» አለች። «ያን ለመናገር አሥራ ስምንት ዓመት ነው የፈጀብኝ።»